ከስሜ በላይ የተጻፈው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በጥር ጊዮርጊስ ዕለት፣ እዚሁ እንጅባራ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ ነው። ዓመት አልፎት እንኳ ከልቤ አልወጣም። ዛሬም መኪና ደጄ ላይ ሲቆም ከሰማሁ ዘልዬ በሩ ላይ ነኝ። ልጄ «ጻፊውና ይውጣልሽ» ስላለችኝ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ትምህርቴን ያቆምሁት ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደል ብገድፍ አርማችሁ አንብቡልኝ።

የተወለድሁት ግምጃ ቤት ወገን፣ ገጠር ነው። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው። አማርኛውን የለመድሁት ተድሬ ከተማ ስገባ ነው። ባሌ ከሞተ ብዙ ዓመቱ። ጠላ እየሸጥሁ ሁለት ልጆች አሳደግሁ። ትልቁ ጌታሰው ይባላል። ሥራ ሲያጣ ለማንም ሳይናገር በመተማ በኩል ወጣ። «ሱዳን ደርሻለሁ እማየ» ብሎ ደወለ። «ሊቢያ ልገባ ነው» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ይኸው ሰባት ዓመት። ላልቅስ ብል ሞቱን ማን ነገረኝ? ልጠብቅ ብልስ እስከ መቼ?

ከእሱ በኋላ የቀረችኝ ትርንጎ ብቻ ናት። ስለዚህ እኔ ቤት «ውጭ አገር» የሚባል ነገር አይነሳም። ጎረቤቶቼም ያውቃሉ፤ የዱባይም የቤሩትም ወሬ ሲመጣ እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ።

እግዜር ግን ያሾፍ ይመስል ውጭ አገሩን ራሱን ጓሮዬ ድረስ አመጣልኝ።

ቶማስ ይባላል፤ የህንድ ሰው ነው። አባቱ በድሮ ጊዜ ዳንግላ ተማሪ ቤት ሂሳብ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው የኛን አገር ቀርከሃ ወሬ ሲሰማ ነው ያደገው። አድጎ ቀርከሃውን ፍለጋ መጣና ጓሮዬን ተከራየኝ። ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ከአገሩ መሰንጠቂያ ማሽን አስመጣ፣ ወንበርና አልጋ፣ ጠረጴዛም ማሠራት ጀመረ። መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ግን ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አገኘሁት።

«እንዴ! ህንድም ክርስቲያን አለው?» አልሁት።

«እማየ፣ እኛ ከእናንተ በፊት ነን» ብሎ ሳቀብኝ።

አማርኛው እስኪቃና የሳቅነው ሳቅ! «እማየ፣ አንተ ደህና አደርህ?» ይለኝ ነበር በየጠዋቱ። ሠራተኞቹ «እሜቴ ጢም አበቀሉ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሥራ ስምንት ነበሩ ሠራተኞቹ፣ የሚበዙት ሴቶች። ትርንጎ ደግሞ የተጫነውንና የቀረውን ትመዘግብለት ነበር። መመዝገቡ ቀስ እያለ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ሽማግሌ ላከ፣ ሰጠሁ፣ ቀለበት አሰሩ።

ሠርጉን ግን አቆየው። «መጀመሪያ የመኖሪያ ወረቀቴን በራሴ ሥራ ላግኝ። ሰው ለወረቀት ብሎ አገባት እንዳይለኝ» አለ። ወረቀቱ ቋሚ የሚሉት ነው። እስካሁን በየዓመቱ የሚታደስ ነበር የያዘው። ሥራውን ከወንድሙ ጋር ነው የጀመረው፤ ወንድሙ ህንድ ነው ያለው። ያ ወንድሙ «ቋሚውን ከሰጡህ ሁለተኛውን ማሽን እልካለሁ፤ ከከለከሉህ ግን ዘግተህ ና» ብሎታል። ዘግቶ ከሄደ ትርንጎም አብራው ትሄዳለች። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልነገረኝም። ግን እናት ይነገራት?

ማመልከቻው አዲስ አበባ ከገባ ወራት አልፎት ነበር። እኔ የመሰለኝ ወረቀት እዚያው ቢሮ ውስጥ ታይቶ፣ ማኅተም ተመቶበት የሚያልቅ ነገር ነው። ሰው ይህን ያህል አገር አቋርጦ ጓሮ ሊያይ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ ያደረግሁትን አትረዱልኝም። እኛ ዘንድ ቦርሳ ያነገተ ሰው መጥቶ «ስንት አለሽ?» ካለ፣ ያለን ሁሉ ይጠፋል። አባቴ የከብት ቆጣሪ መጣ ሲባል ላሞቹን ጫካ ይነዳና አንዲት ከሲታ ላም ደጅ ላይ አስሮ ይጠብቅ ነበር። እኔም ጠላ ስሸጥ፣ ግብር ገማቾች በመጡ ቁጥር ሁለት እንስራ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ጎረቤት አሻግር ነበር። ነውር አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እንዲያውም በአጥር ላይ እንጠራራለን፤ አንዷ ካየች ለሌላዋ ታሳልፋለች።

ገማቾቹን ሁልጊዜ ይዞ የሚዞረው ደግሞ የቀበሌያችን ሰው አያ አድማሱ ነው። የሩቅ ዘመዴም ነው። አያ አድማሱ ቦርሳ ካነገቱ ሰዎች ጋር ታየ ማለት ግብር መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ የጥር ጊዮርጊስ ዕለት እንዲህ ሆነ።

አገሩ ሁሉ ፈረሱን አስጊጦ ሜዳ ወጥቷል። ሠራተኛ የሚባል ግቢው ውስጥ የለም፤ በጊዮርጊስ ማን ይሠራል? ቶማስ እንኳ ፈረስ ተውሶ፣ በሰው ጃኖ አጊጦ ወጥቷል። ትርንጎም እሱን ልታይ ሄዳለች። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቤት ቀረሁ።

ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ አበባ በአጥር ብቅ አለች።

«እቴ የሺ! እቴ የሺ! አያ አድማሱ ባለ ቦርሳ ሰዎች ይዞ እየመጣ ነው! ሁለት ናቸው፣ መኪናቸው ከታች ቆሟል!»

«በጊዮርጊስ?» አልሁ።

«ለእነሱ ምን ጊዮርጊስ አለ!» ብላ ገባች፤ የራሷን ልትሸሽግ።

ጉልበቴን ረሳሁት። መጋዘኑ ውስጥ ለባሕር ዳር ሆቴል የሚሄድ ወንበር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ቆለፍሁት፤ ቁልፉን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። የማሽኑን ገመድ ነቅዬ ደበቅሁ። በላዩ ሸራ አለበስሁና አንድ ጆንያ ድንች ዘረገፍሁበት። በር ሲንኳኳ ቁጭ ብዬ ድንች የምለቅም መሰልሁ።

ሁለት ናቸው። አንዷ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት። ሌላው ጎልማሳ ነው፤ ስልኩን ይዞ ፎቶ ያነሳል። አያ አድማሱ ከኋላቸው ቆሟል።

«እንደምን አረፈዱ እማማ?» አለች ልጅቱ ዝቅ ብላ። «ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው። የአቶ ቶማስን ሥራ ለማየት ነው።» ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አሳየችኝ። ፊደል እለያለሁ እንጂ ደቃቁን ያለ መነጽር አላነበውም። አሁን ደግሞ ከላይ መላክ ጀመሩ? ብዬ በልቤ ተራገምሁ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አልሁ። «ሥራስ የለም። ምኑን ታያላችሁ ልጆቼ?»

አያ አድማሱ ዓይኑን አፈጠጠ። በአገውኛ «ምን ሆነሻል? እነዚህ እኮ…» ሲል ቀደምሁት። እኔም በአገውኛ «አውቄያለሁ፤ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ አንተ ዝም በል» አልሁት። ወደ ኋላ አለ። ልጅቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። የምንለው እንዳልገባት ያስታውቃል፤ መንሾካሾካችንን ግን አይታለች።

«ስንት ሠራተኛ አለ እማማ?»

«ሠራተኛ? ኧረ ከየት አምጥቶ! አልፎ አልፎ ሁለት ሴቶች ብቅ ይላሉ። እነሱም ለዝምድና ነው።»

«ማሽኑ ይሠራል?»

«እሱማ ከተበላሸ ቆየ። ይኸው ድንች ማስጫ አደረግሁት።»

ጎልማሳው ድንቹን ፎቶ አነሳ።

«ይህ የተቆለፈው ምን አለበት?»

«ገለባ።»

«ቢከፍቱልን?»

«ቁልፉን ይዞት ሄዷል።» ቁልፉ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ጉልበቴን ይነካኝ ነበር።

«እሱ ራሱ የት ነው?»

ከሜዳው የፈረሰኞቹ ሆታ እስከ ግቢዬ ይሰማል። «እንጃ ልጄ» አልሁ። «እሱ እንኳ ከጠፋ ሰነባብቷል። ከስሮ አገሩ ሊገባ ነው።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ጠቅልሎ ነው የሚሄደው?»

«ታዲያስ! እዚህ ምን አለው ብለሽ ነው?»

የጻፈችውን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። ሐሰት አልልም፤ እኔ ያልሁትን ነው የጻፈችው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። «ትክክል ነው?» አለችኝ። «ትክክል ነው» አልሁ። ቀለም አወጣችና «ጣትዎን ቢያስቀምጡ ይበቃል» ስትለኝ ተቆጣሁ። «ኧረ እኔ ስሜን እጽፋለሁ!» አልሁና ተቀብዬ ስሜንና የአባቴን ስም አሳምሬ ጻፍሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተስተካክሎልኝ አያውቅም።

አመሰገኑኝና ወጡ። አያ አድማሱ ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ፤ አስተያየቱ ያኔ አልገባኝም።

አመሻሹ ላይ ቶማስና ትርንጎ እየተሳሳቁ ገቡ። ቶማስ ከፈረሱ ወድቆ አንድ ጎኑ አቧራ ሆኗል። ሠራተኞቹም በዓሉን አብረው ለማክበር ተከትለዋቸው መጡ። እኔም ጀብዱዬን አንድ በአንድ አወራሁላቸው፤ ድንቹን፣ ገለባውን፣ ቁልፉን። ሳቁ፣ እልል አሉ። አንዷ «የእሜቴ የሺን ቁልፍ እንኳን ገማች፣ ሰይጣንም አያገኘው!» አለች። ቶማስም ሙሉውን ሳይገባው ሳቀ።

ይህን ጊዜ አያ አድማሱ ገባ። አልተቀመጠም።

«እቴ የሺ» አለኝ። «ግብር አይደሉም እኮ። ከኢሚግሬሽን ናቸው። ለልጁ ወረቀት ነው የመጡት።»

ሳቁ ባንዴ ጠፋ። «ታዲያ አትነግረኝም ነበር?» ብዬ ጮህሁ።

«ልነግርሽ ስል 'አውቄያለሁ' አልሽኝ። እኔማ…» አፈረ። «እኔማ ልጁን ልታስባርሪው ነው ብዬ ነው። ልጅሽን አግብቶ ይዞብሽ እንዳይሄድ።»

ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። «እማየ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

ማልሁ። በጊዮርጊስ ማልሁ፣ በጌታሰው ስም ማልሁ። ደግሞ ነገሩን ሳስበው፣ እኔ ብሆን አምን ነበር? ጠዋት ሙሉ ሳይደናቀፈኝ የዋሸሁ ሴት ነኝ። ትርንጎ «እሺ» አለችኝ። «እሺ» ማለት ግን «አመንሁሽ» ማለት አይደለም። ቶማስ መጣና እጄን ሳመ። «አይዞህ እማየ» አለኝ። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀበትም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰው። ቦታው ሲታይ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት እንዳልተገኘ፣ አመልካቹም አገር ለቆ ሊወጣ እንደሆነ ቃል እንደተሰጠ ይላል። መልስ ካለው ቀርቦ እንዲያስረዳ ቀን ቆርጠውለታል። ትርንጎ ስታነብልኝ «ቃል እንደተሰጠ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ።

«ይዛችሁኝ ሂዱ» አልሁ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አቃናዋለሁ።»

መንገዱ ተዘግቶ ነበርና እስኪከፈት ተጨነቅን። የተቆረጠው ቀን ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው አውቶቡስ አገኘን። አዲስ አበባን ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አባይ በረሃን ስንወርድ ስለ ጌታሰው አሰብሁ። እሱስ በየቱ በረሃ ላይ ይሆን ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ቢሮው ሰው ብቻ ነው። ወረፋ ጠብቀን ገባን። ያችው ልጅ ናት፣ ባለ መነጽሯ። ወዲያው አወቀችኝ፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ቶማስ የክፍያ ወረቀቱን፣ የሠራተኞቹን ስም፣ ፎቶውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። እኔ አላስችል አለኝ።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኋት። «ግብር መስለሽኝ ነው። መጋዘኑ ሙሉ ነው። ማሽኑ ደህና ነው። ድንቹን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። ያን ወረቀት ቅደጂውና እንደገና ጠይቂኝ።»

«አይቀደድም እማማ» አለች በቀስታ። «የፈረሙበት ቃል ነው። የዛሬውንም እጽፋለሁ፤ ከእሱ ጋር ይያያዛል።»

«ታዲያ የቱን ታምናላችሁ?»

«እኔ ብቻዬን አልወስንም» አለችኝ። «ያየሁትንና የሰማሁትን አቀርባለሁ፤ ሌሎች ተቀምጠው ይወስናሉ። የእሱ ወረቀት ሙሉ ነው። ግን ባዶ ቤት ላይ ታፔላ ሰቅሎ 'ፋብሪካ አለኝ' የሚለንም ወረቀቱ ሙሉ ነው። ለዚህ ነው ሳንነግር የምንመጣው፣ ጎረቤት የምንጠይቀው። ያን ቀን እማማ እኔን አያውቁኝም ነበር። የማያውቁትን ሰው ለመዋሸት ምክንያት የለዎትም። ዛሬ ግን ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጣለች።»

ደነገጥሁ። እንዲህ የሚያስብ ሰው አለ እንዴ? «የኔ ልጅ» አልኋት፣ «እኛ አገር እኮ የሚዋሸው የማያውቁት ሰው ነው! ዘመድማ ምን ብለሽ ትዋሺዋለሽ? ጓዳሽን ያውቀዋል።»

መነጽሯን አወለቀች። ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ይህንንም ልጻፈው?»

«ጻፊው።»

እስክሪብቶዋ ሲሄድ አየሁ። ምን አድርጋ እንደጻፈችው ግን አላወቅሁም። ደግማ አነበበችልኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ ስለሚበተን አንዱን ስሰማ አንዱ ያመልጠኛል። ይፈርሙ ስባል እንደገና ስሜን ጻፍሁ። የውሸቱ ላይ ያ ሁሉ ቀጥ ብሎ የተጻፈ ስም፣ የእውነቱ ላይ የዶሮ ጭረት መሰለ።

ስንወጣ «እንደገና ትመጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ብንመጣም ቀኑን አንናገርም እማማ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮዬ መጠበቅ ሆነ። መጋዘኑን ከንጋት ጀምሮ ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ዝናብ ሲመጣ ወንበሮቹን ሸራ አልብሼ በሩን ግን አልዘጋም። ማሽኑን በቀን ሁለቴ እወለውላለሁ። ሠራተኞቹ በዓል ሲያከብሩ እኔ ደጅ ላይ ተቀምጬ «ዛሬ እከሌ የሚባል ታቦት ስለሆነ ነው ያልገቡት» የሚለውን አፌ ላይ አዘጋጅቼ እውላለሁ። ለቅሶ እንኳ ደርሼ ቶሎ እመለሳለሁ። አበባ «እቴ የሺ፣ ዘበኛ ተቀጠርሽ?» ትለኛለች። ትርንጎ ክፉ አትናገረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ እግሬን ታጥበኛለች። ግን እንደ ድሮው ሆዷን አትነግረኝም። ያ «እሺ» በመካከላችን እንደ አጥር ቆሞ ቀረ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ መኪና መጣ። ሁለት ወንዶች፣ ባለ ቦርሳ፣ አያ አድማሱ የለም። አላውቃቸውም። መጡልኝ! አልሁ። ዘልዬ በሩን ከፈትሁ።

«ግቡ ልጆቼ! ግቡ! ይኸው መጋዘኑ፣ ይኸው ወንበሩ፣ ቁጠሩት! ሠራተኛው ድሮ አሥራ ስምንት ነበር፣ አሁን ሃያ ሦስት ደርሷል። ማሽኑ ቀን ሙሉ አያርፍም። ለባሕር ዳር ይጫናል፣ ለአዲስ አበባ ይጫናል፣ ሰው ቢለምነው አያደርስም። እሱም የትም አይሄድም! ሊያገባ ነው እዚህ፣ ልጄን!»

አበባ በአጥር ላይ ሆና እጇን ታወናጭፍብኛለች። «ዝጊው! እቴ የሺ፣ ዝጊው!» ትላለች ድምፅዋን አፍና። እኔ ደግሞ አንቺ ምን ገብቶሽ፣ እነዚህ ሌላ ናቸው ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ሰዎቹ ይጽፋሉ፣ ይተያያሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። አንደኛው «እማማ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው አጋጥሞን አያውቅም» አለኝ። መረቅኋቸው።

ትርንጎ ከቆርቆሮ ቤቱ ስትወጣ ሰዎቹ ሊሄዱ ነበር። ጠየቀቻቸው። እነሱም ነገሯት። የወረዳው ግብር ገማቾች ናቸው፤ አያ አድማሱ ታሞ በሌላ ሰው ነው የዞሩት።

እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልሁ። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ትርንጎ መጥታ ፊቴ ቆመች። አሁን ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመና እንባው ቀረ። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ አንገቴን አቀፈችኝ።

«እማየ» አለች፣ «ለካ እውነትሽን ነው። ለካ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ።»

ስምንት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር። ግብሩ ያን ዓመት እጥፍ ሆነ፤ ቶማስ ግን አልተናደደም። ግምቱ የተጻፈበትን ወረቀት አስገልብጦ ለአዲስ አበባው ቢሮ ላከው። «ይህ ይረዳን ይሆናል እማየ» አለኝ። ይርዳ አይርዳ እስካሁን አላወቅንም። ሲጠይቁ «በመታየት ላይ ነው» ይሏቸዋል። ወንድሙ ከህንድ በየሳምንቱ ይደውላል። ድምፁ ከፍ እያለ መጥቷል። ቋንቋውን ባላውቀውም «በቃ ና» የሚለው ይገባኛል።

እኔ ማንንም አልወቅስም። ያች ልጅ ሥራዋን ነው የሠራችው፣ አያ አድማሱም ያሰበውን ነው ያሰበው። የሚከብደኝ ሌላ ነው። ልጅ ወልዶ ማሳደግ በእጄ ነበር፣ መምከርም መቆጣትም በእጄ ነበር። አሁን የልጄ መቅረትና መሄድ አዲስ አበባ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ስሜ ባለበት ወረቀት ላይ ተቀምጧል። ስሜ ደግሞ ሁለት ጊዜ አለበት፤ አንዱ ሌላውን ይክዳል። የማላውቃቸው ሰዎች የትኛዋን የሺ እንደሚያምኑ ነው የምጠብቀው።

ባለፈው ሳምንት ሳጥኔን ስከፍት አንድ ትንሽ ደብተር የመሰለ ነገር አገኘሁ። ገለጥሁት፤ የትርንጎ ፎቶ አለበት። ፓስፖርት ነው። «ለምናልባት ነው እማየ፣ ለምናልባት ብቻ» ብላኛለች ስጠይቃት። ያስቀመጠችው ከጌታሰው የተማሪ መታወቂያ ጎን ነው፤ ቦታ ስላጣች ይሆናል።

አልነካሁትም። ሳጥኑን መልሼ ዘጋሁና ደጄ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። በሩም ክፍት ነው።

የሺ ነኝ፣ ከእንጅባራ።